ሁዳዴን የገደፉ ጋምበሪዎች

ሴት በጣውንቷ ብትቀና ወግ ነው፤ በምራቷ ብትቀናም ያለ ነው። ገዲሴ ግን በስልሳ ሦስት ዓመቷ የቀናችው በስድስት ጋምበሪ ነው። ጋምበሪ ማለት እነዚያ የወደብ ሰዎች የሚበሉት፣ እግሩ የበዛ ሥጋው ያነሰ የባሕር ፍጥረት ነው፤ ሌላው ሰው ሽሪምፕ ይለዋል። ስድስቱ ቢደመሩ የአንድ ሰው ጉርሻ አይሞሉም። ቅናት ግን ሚዛን ይዞ አይመጣም።

ነገሩ የተጀመረው በወንድሟ ነው። ሂርጳ ታናሿ ነው። እናታቸው ሰላሌ አገር ስትሞት ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር፤ አዝላ አዲስ አበባ ያመጣችው፣ ጎፋ ላይ የሰው ልብስ እያጠበች ያሳደገችው፣ እሷ ያልገባችበት ትምህርት ቤት ያስገባችው ገዲሴ ናት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ባሕር ኃይል ተቀጠረና ሃያ ሁለት ዓመት ባሕር በላው። መንግሥት ተለወጠ፣ ባሕር ኃይሉም ተበተነ፤ እሱ ግን ያኔም አልመጣም። አሰብ ወደብ ላይ ዕቃ ሲያወርድ ቆይቶ በሰማንያ ስድስት ዓመተ ምሕረት አንድ ቀን በሯን አንኳኳ። ሚስት አላመጣም፤ ልጅ አላመጣም። ያመጣው ውሃ ነው።

ውሃውን በሰማያዊ ጀሪካን የሚያመላልሱለት የአሰብ መስመር ሾፌሮች ናቸው። መስታወት አስቆረጠ፣ ጠርዙን በማጣበቂያ ገጥሞ የሬሳ ሣጥን የሚያህል ገንዳ ሠራ፤ ቀን ከሌት አየር የሚነፋ ትንሽ ሞተር ገጠመለት። ሳሎኗ ውስጥ፣ የባሏ ፎቶ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ተከለው። ሦስት ዓሣና አንድ ድንጋይ ጨመረበት። ዓሣዎቹስ ዓሣ ናቸው። ድንጋዩ ግን ነፍስ ነበረው፤ መርጃን ነው አላት። ቀን ቀን ቆዳው ላይ ሐምራዊ አበባ ይከፈታል፤ ሲነኩት ይኮማተራል። ሂርጳ ከሥራ ሲመለስ ወንበር ስቦ ከዚያ ድንጋይ ፊት ይቀመጥ ነበር፤ እሷ ስለ ዕድር ስታወራለት «እህ» ይላል፤ ስለ ጤፍ ዋጋ ስታወራለት «እህ» ይላል።

«ባሕር ወንድሜን ወስዶ ሳይበቃው አሁን ደግሞ ሳሎኔን ወሰደ፤» አለች ለጎረቤት።

ግን ብልህ ሴት ነበረች። ጠላትን ማባረር ካልቻልክ አጣቢው ሁን ብላ ገባችበት። ምክንያቱን ያመጣላት የባሕር ሳማ ነው።

የባሕር ሳማ ብሎ የጠራው ሂርጳ ራሱ ነው። ከድንጋዩ ጋር ተደብቆ የመጣ ነገር ነው፤ ቡናማ፣ አንገቱ ቀጭን፣ ራሱ ላይ ጣት የሚመስል ነገር ያወዛውዛል። ሲያዩት ምስኪን ነው። የነካውን ይለበልባል፤ ጎረቤቱን መርጃን እየለበለበ አበባውን ያስዘጋዋል። ሂርጳ ቀን ቀን ወፍጮ ቤት ሞተር ይጠግናል፤ ጊዜ የለውም። ገዲሴ የቀሚሷን እጅጌ ወደ ክንዷ ሰብስባ እጇን ጨው ውሃው ውስጥ ነከረች። ጎመን እንደምታርም ነቀለች። እምቢ ያለውን በምላጭ ፋቀች። የተፋቀውን በሲኒ ሰብስባ ማታ አሳየችው።

«እቴቴ፣ እጅሽ ይባረክ፤» አላት።

ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ አላት። ሲኒው በሞላ ቁጥር «እጅሽ ይባረክ» ይላታል፤ እሷም በዚያች ቃል ዓመት ከመንፈቅ ኖረች። ሳማው ደግሞ በፋቀችው ቁጥር በዛ። እሷ ግን ይህንን ክፉ ነገር አላለችውም። አረም ካለ አራሚ ያስፈልጋል፤ አራሚ ካስፈለገ ወንድሟ ያስፈልጋታል ማለት ነው።

ዙሌካ የመጣችው የሰማንያ ስምንት ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ የቅበላ እሑድ ነው። የአብደላ ሚስት ነበረች፤ አብደላ ደግሞ የሂርጳ የመርከብ ጓደኛ፣ ባሕር ላይ የሞተ። አርባ ዓመት ያልሞላት፣ አንድ ጥርሷ ወርቅ፣ አሰብ እየተመላለሰች ጨርቅ የምትነግድ ሴት ናት። በብብቷ ቀይ ፔርሙስ ይዛለች። ገዲሴ ሻይ መስሏት ተቀየመች፤ ሰው ቤት ሻይ ይዞ ይመጣል እንዴ?

ዙሌካ ጫማዋን አውልቃ ገባችና ቀጥ ብላ ወደ ገንዳው ሄደች። ጎንበስ ብላ ብዙ አየች።

«እትዬ፣ ይህን በምላጭ የሚፍቀው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«እንዲያው እርስዎ ነዎት የዘሩት ለካ፤» አለችና ሳቅ አለች። «ሳማ ተቆርጦ አይሞትም። የጥፍር ያህል ቁራጭ ድንጋይ ላይ ከቀረች እሷው ሌላ ሳማ ትሆናለች። አንዱን ሲፍቁ አሥር ተከሉ።»

ሂርጳ ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው፤ ከባሕር ከተመለሰ እንዲያ ሲስቅ ገዲሴ አልሰማችም። ሌላው ሁሉ ይቅርና ያ ሳቅ ገደላት።

ዙሌካ ፔርሙሱን ከፈተች። በቀስታ፣ የገንዳውን ውሃ በማንኪያ እየጨመረች፣ ሕፃን እንደምታጥብ ሆና ስድስቱን ለቀቀቻቸው። ሰውነታቸው እንደ ብርጭቆ ወዲያ ማዶ ያሳያል፤ ቀይ መስመር በቀጭኑ ተሰምሮበታል።

«እነዚህ ሳማ ይበላሉ። ግን ሲርባቸው ነው፤» አለች። «የጠገበ ጋምበሪ ሳማ አይነካም። ሌላ ካገኘ ምን ጨነቀው? ለዓሣዎቹ በቀን አንድ ቁንጥር፣ ያውም ሂርጳ ራሱ ይስጣቸው። ከዚያ ውጭ አንዳች ነገር እንዳይገባ።»

«ይጾማሉ በይኛ፤» አላት ሂርጳ።

«ይጹሙ። ጊዜውም የእናንተ ጾም ነው።»

ከዚያ ወንድሟ ወደ እሷ ዞረ። «እቴቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ እጅሽን እንዳታስገቢ፤ እሺ?»

ገዲሴ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ ደረቅ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ከድንጋዩ ጀርባ ሦስት ሳማ ጠፋ። ሂርጳ ቁርሱን ትቶ ቆጠረ። «ዙሌካ እንዳለችው ነው፤» አለ። በማግስቱም «ዙሌካ እንዳለችው»። ሰኞ ዙሌካ፣ ማክሰኞ ዙሌካ፤ አቡነ ዘበሰማያትን እንኳ እንደዚያ ደጋግሞ አያውቅም። እሑድ እሑድ ደግሞ ራሷ ትመጣለች። ሁለተኛ ወንበር ይሳብላታል። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ውሃ ያያሉ፤ ገዲሴ ሻይ ይዛ ከኋላቸው ትቆማለች። ለሷ በዓመት ከመንፈቅ አንድ ቀን እንኳ ሁለተኛ ወንበር አልተሳበም።

አሰበች። ጋምበሪዎቹ ሥራቸውን ካልሠሩ ዙሌካ ታፍራለች። ዙሌካ ካፈረች ሂርጳ ወደ ለመደው እጅ ይመለሳል። መንገዱንም ያች ሴት በገዛ አፏ ነግራታለች፤ የጠገበ ጋምበሪ ሳማ አይነካም።

መጀመሪያ የዳቦ ፍርፋሪ ጣለችላቸው። ቀርበው ዳሰሱትና ትተውት ሄዱ። የተቀቀለ ሽምብራ ላጠች፤ ንቀውት አለፉ። ዓሣ እንዳትገዛ ሂርጳ የባሕር ሰው ነው፤ የዓሣ ሽታ ከአጥር ውጭ ይለየዋል። የቀረው ሥጋ ነው። ወሩ ደግሞ ሁዳዴ ነው።

ገዲሴ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ሁዳዴ አፍርሳ አታውቅም። በሕመሟ እንኳ ቄሱ ጾሙን ፍቺ ብለዋት እምቢ ያለች ሴት ናት። ጎፋ ላይ መስቀል የተሳለባቸው ሥጋ ቤቶች ሁሉ ተዘግተዋል። ጨረቃ የተሳለበት አንድ አለ፤ ግን ከአስፋልቱ ዳር ነው፣ ግማሹ ዕድር በፊቱ ያልፋል። ስለዚህ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ውይይት ታክሲ ተሳፈረችና መካኒሳ ወረደች። ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ስታልፍ ተሳለመች፤ ሳይሳለሙ ማለፍ ደግሞ ሌላ ኃጢአት ነው። ወዲያ ማዶ ጨረቃ የተሳለበት ትንሽ ሥጋ ቤት አገኘች።

ሥጋ ቆራጩ ወፍራም፣ ጨዋታ ወዳድ ሰው ነው። «ምን ላድርግልዎ እማማ?»

«ሩብ ኪሎ። ቀይ፤ ጮማ እንዳይነካው።»

«ለልጅ ነው?»

«ለበሽተኛ ነው።»

«ምኑን አመመው?»

«ሥጋ ልትሸጥ ነው ወይስ ልታክም?»

ሰውየው ሳቀና ቆረጠላት። በሳምንቱ ስትመለስ «በሽተኛው እንዴት ዋለ?» አላት። «በልቶ አይጠግብም፤» አለችው፤ እውነቷን ነው።

ጋምበሪዎቹ ጨለማ እንጂ ብርሃን አይወዱም፤ ቀን ድንጋይ ሥር ተወሽቀው ይውላሉ። ገዲሴ ሂርጳ ሥራ ከሄደ በኋላ መጋረጃውን ትዘጋና ጋቢዋን በገንዳው ላይ ትጥላለች። ራሷን ከጋቢው ሥር ታስገባለች። ሥጋውን የምስር ፍሬ አሳክላ ትከትፍና አንድ በአንድ በወስፌዋ ጫፍ ሰክታ ወደ ታች ታወርዳለች። እነሱም ይወጣሉ። መጀመሪያ ጢማቸው ነው የሚመጣው፤ ረጅም ነጭ ጢም፣ እየዳሰሰ፣ እየጠየቀ። ከዚያ በሁለት ትንንሽ እጃቸው ይቀበሏታል። የተረፈውን ሥጋ ለጎረቤት ውሻ ትጥላለች፤ ውሻው በሁለተኛው ሳምንት የራሱን ቤት ረስቶ ደጇ ላይ ሰፈረ።

የንስሐ አባቷ ሲመጡ አልተናዘዘችም። አልበላሁም፣ አብልቻለሁ እንጂ፤ ይህ ለቄስ የሚነገር አይደለም ብላ አለፈችው።

ክፉው ነገር መልመድ ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ጋቢው ሲወድቅ ገና ወስፌው ሳይነከር ስድስቱም ወጥተው ይጠብቋት ጀመር። ትልቁ ወስፌው ላይ ወጥቶ እስከ ጣቷ ድረስ ይመጣና ጥፍሯን ያጸዳላታል። «አንተ ሆዳም፤» ትለዋለች በሹክሹክታ። በዚያች በጨለመች ጋቢ ሥር፣ ሰው ሳያያት፣ ደስ ይላት ነበር።

አንድ ቀን ጋቢውን ስትገልጥ አንዱ በጀርባው ወድቆ አገኘችው። በወስፌ አወጣችው። እንደ ነጭ ሽንኩርት ልጣጭ ቀልሏል፤ ዓይኑ ባዶ፣ ሆዱ ባዶ። ሥጋው ገደለው አለች። የነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችውና ሌሎቹን ልትቆጥር ተመለሰች። ስድስት። እንደገና ቆጠረች፤ ስድስት። አንድ ሞቶ ስድስት ከቀረ ሰባት ነበሩ ማለት ነው፤ ግን ስድስት ነበሩ። ጣቷን ቆጥራ አደራረሰች፣ አልገባትም። ቋጠሮውን አልፈታችም።

ሳማው ግን ከዚያ ወዲያ ልጓም አልያዘውም። የመስታወቱን ጥግ ያዘ፣ የድንጋዩን ወገብ ዞረ። መርጃኑ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አበባውን አልከፈተም። ጠርዙ ነጣ። ሂርጳ ማታ ማታ ወንበር መሳቡን ተወ፤ ቆሞ ያያል፣ ይተነፍሳል፣ ይተኛል። ገዲሴ «እጅሽን አስገቢበት እቴቴ» እስኪላት ጠበቀች። አላላትም።

የደብረ ዘይት እሑድ ዙሌካ መጣች። ገዲሴ ሻዩን ለማፍላት ጓዳ ገባች፤ ጆሮዋ ግን ሳሎን ቀረ።

«አልሆነም ዙሌካ፤» አለ ሂርጳ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰላት። «ለፋሲካ አይደርስም። ድንጋዩ ከሞተ ገንዳውን አፈርሰዋለሁ። አሰብ ወደብ የክሬን ሠራተኛ ይፈልጋሉ ብሎኛል አንዱ ሾፌር። እመለሳለሁ።»

«እህትህስ?»

«እቴቴ ጠንካራ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ያለኔ ኖራ የለ?»

የሻዩ ውሃ ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው። ገዲሴ አላየችውም። ጠንካራ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት በየመስቀሉ በር በሩን ስታይ፣ ድርሻውን በሳህን አስቀምጣ ስታሳድር ማን አየ? እሷ ዙሌካን ልታስወጣ በር ስትከፍት፣ የሚወጣው እሱ ነው ለካ።

ዙሌካ ብርጭቆ ልታመጣ መስላ ጓዳ ገባች። በሩን ገፋ አድርጋ ቆመች።

«እትዬ፣ ወንድሜ ሥጋ ቤት አለው። መካኒሳ፣ አቦ አጠገብ።»

ገዲሴ ስኳሩን መዘነች፤ በማንኪያ የሚጨመረውን ስኳር በዓይኗ መዘነች። «ታዲያ እኔ ምን አገባኝ?»

«አንዲት እናት አሉ ይለኛል፤ አፋቸው የጠራ ቢላዋ። እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ይመጣሉ፤ ለበሽተኛ ሩብ ኪሎ ቀይ ይወስዳሉ። ከጎፋ ታክሲ ሲወርዱ አይቷቸዋል። እኔ ደግሞ እሱ የነገረኝን ጥለት ነጠላዎ ላይ አየሁ።» ጣቷን ወደ ጥለቱ ጫፍ ሰደደች፤ ወደ ቋጠሮው። «ምን ቋጠሩ?»

ዙሌካ ራሷ ፈታችው። ልጣጩን በመዳፏ አስቀምጣ ወደ ብርሃን አነሳችው።

«ሞቶ ነው፤» አለች ገዲሴ። ድምፅዋ ሳታስበው ተሰበረ።

«አልሞተም። ልብሱን ቀይሮ ነው። ሲያድግ የጠበበውን አውልቆ ይጥላል። እያደገ ያለው ግን በልቶ ነው፤ የጾመ እንዲህ ቶሎ አይቀይርም።» ልጣጩን መለሰችላት። «እኔ ሰው ቤት ነገር አልዘራም። ለሂርጳ አልነግረውም።»

«ለምን? ንገሪው። እኔ ከማንም ውለታ አልለምንም።»

«አውቃለሁ አይለምኑም። እኔ ነኝ የምለምነው።» ዙሌካ ወርቅ ጥርሷን ሸፍና አንገቷን ደፋች። «እኔ ሂርጳን ልወስድ የምመጣ መስሎዎታል። ያን ድንጋይ ከባሕር ያወጣው አብደላ ነው። ጠልቆ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ በገዛ እጁ። በወሩ ሞተ፤ መቃብር የለውም። ሂርጳ ወደብ ላይ በበርሜል ውሃ አኖረልኝ። እኔ በየእሑዱ የምመጣው እሱን ለማየት ነው።»

ገዲሴ ሰውን በሰውነቱ ልትጠላው ትችላለች፤ መቃብሩን ሊሳለም የመጣን ሰው ግን በምን ትጠላዋለች? ተናደደች፤ የሚጠላው ነገር ሲወሰድበት ሰው ይናደዳል።

«ከነገ ጀምሮ ይጾማሉ፤» አለች በመጨረሻ። «አሁን ሻዩን ውሰጂ፤ ሳይበርድ።»

ጾሙም። ገዲሴ ጋቢዋን አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተች፣ ወስፌዋን ወደ ስፌቷ መለሰች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትልቁ ጋምበሪ እየመጣ መስታወቱን በጢሙ ይመታ ነበር፤ እሷም ፊቷን ታዞራለች። ውሻውም በር ላይ ሲያለቅስ ሰንብቶ ወደ ቤቱ ገባ። በአምስተኛው ቀን ትልቁ አንድ ሳማ አጠገብ ቆሞ ጣቱን አንድ በአንድ ሲቀነጥስ አየችው። ሌሎቹም ተከተሉት። ኒቆዲሞስ ላይ የመስታወቱ ጥግ ጠራ። ከሆሳዕና በኋላ ሐሙስ ድንጋዩ አንዲት አበባ ከፈተ፤ የጥፍር ያህል። ሂርጳ ሮጦ ጓዳ ገብቶ እጇን ያዛት።

«እቴቴ፣ ነይ እይ። ዙሌካ እንዳለችው።»

«ዙሌካ እንዳለችው፤» አለች ገዲሴ። ከንፈሯን ነከሰች፤ ግን ሄዳ አየች። ስለ ክሬኑ ዳግመኛ አላነሳም።

የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ፣ ገዲሴ ዶሮዋን አዘጋጀች። ከዚያ አሰበች፤ ሂርጳ ዙሌካን ለበዓል ጠርቷታል፣ ዙሌካ ደግሞ የክርስቲያን ባራኪ የቆረጠውን አትበላም። ሰው ጠርቶ ጦሙን መመለስ ነውር ነው። ነጠላዋን አነሳች። ዛሬ ግን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው እንጂ አልተከናነበችም። ታክሲ ተራው ላይ የዕድሩ ሴቶች ሁሉ ነበሩ።

«ወዴት ነው እትዬ ገዲሴ፣ በቅዳሜ ሹር?» አለቻት አንዷ።

«መካኒሳ። እስላም ሥጋ ቤት።»

ሴትየዋ ዓይኗን አፈጠጠች። «ምነው?»

«እንግዳ አለብኝ። ድስትም አዲስ እገዛለሁ። ሌላ የሚጠየቅ አለ?»

የሚጠየቅ አልነበረም። ሥጋ ቆራጩ ሲያያት ቢላዋውን አስቀመጠ። «ፊትዎ እንዲህ ነው እንዴ እማማ?» አላት። «በሽተኛው ዳነ?» «ዳነ። ሁለት ኪሎ ቁረጥ፤ ለእህትህ ነው፣ አጥንት እንዳትጨምርባት፤» አለችው።

በፋሲካው ቀን ዙሌካ በአዲሱ ድስት የራሷን ወጥ ራሷ ሠራች። ገዲሴ አጠገቧ ቆማ ሽንኩርቱ አልበሰለም አለች፤ ዙሌካም በስሎአል አለች፤ ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ገበታ ቀርበው ሂርጳ ብርጭቆውን አነሳ።

«ለዙሌካ፤» አለ። «ባታመጣቸው ኖሮ ዛሬ እዚህ አልነበርኩም።»

ገዲሴ ጉርሻዋን መለሰች። ዙሌካ አንገቷን ደፍታለች፤ ቃሏን ጠብቃለች፤ ቃል ጠባቂ ሴት ደግሞ ገዲሴን ታንቃታለች። የዚህችን ውለታ ተሸክሜ ዶሮ አልበላም አለች በሆዷ።

«ሂርጳ፣ ሳማው የበዛው በኔ ነው። ሦስት ሳምንት ጋምበሪዎቹን ሥጋ ሳበላ ነበር። እሷን አሳፍሬ ላስወጣት።»

ሂርጳ አያት። ከዚያ ሳቀ። ዕንባው እስኪወርድ፣ ሞሰቡ እስኪነቃነቅ ሳቀ።

«አንቺ? በሁዳዴ ሥጋ? እቴቴ፣ አንቺ እኮ በሁዳዴ ቢላዋውን እንኳ በአመድ ነው የምታጥቢው።»

«እውነቴን ነው የምነግርህ።»

«ዙሌካ፣ ስሚያት። እኔን ልታስቅ ነው።»

የዙሌካ ወርቅ ጥርስ ብልጭ አለ፤ ወዲያው በእጇ ሸፈነችው። ገዲሴ ሁለቱንም ተራ በተራ ገላመጠቻቸው። ዕድሜ ልኳን አንድ ጊዜ ብትናዘዝ የሚያምናት ጠፋ። ተነሳች። ከዙሌካ ድስት አጠገብ የምስር ፍሬ የምታህል ሥጋ፣ ወጥ ያልነካት፣ ከጥሬው የተረፈች ቆንጥራ ወሰደች። ወስፌዋን ከስፌቷ መዘዘች። ወደ ገንዳው ሄዳ፣ በቀን ብርሃን፣ ሰው እያያት፣ ነከረችው።

ከድንጋዩ ሥር መጀመሪያ ጢሙ ወጣ። ከዚያ ትልቁ ራሱ፤ ብርሃኑን ሳይፈራ፣ ወስፌው ላይ ሽቅብ ወጥቶ ሥጋዋን በሁለት እጁ ተቀበለ። ተሻግሮም ጥፍሯን ያጸዳ ጀመር።

ከኋላዋ ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። ሂርጳ ጋምበሪውን አየ፣ ወስፌውን አየ፣ እህቱን አየ።

«ፈስክ አንተ ሆዳም፤» አለችው ገዲሴ ለጋምበሪው። ዞር ሳትልም ለወንድሟ፦ «እንደ ጅብ አትሳቅ። ወንበር አምጣልኝ።»

ሂርጳ ተነስቶ ሦስተኛ ወንበር ሳበ።